የሦስት ጥይት ምስክርነት

በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የዐድዋ ድል በሚታሰብበት ጧት፣ ከልደታ፣ ከሰንጋ ተራና ከአብነት ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚተመው ሕዝብ መካከል፣ የአያቱን ዝናር ታጥቆ ረጅሙን ውጅግራ በትከሻው ላይ ያጋደመ አባት ማየት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ይሁን እንጂ ተመልካቹ ዓይኑን የሚጥለው በጠመንጃው፣ በጋሻውና በጎፈሩ ላይ ነው እንጂ በዝናሩ ላይ ተራ በተራ የተሰካውን ቀለህ ቀረብ ብሎ የሚመረምረው ከብዙ ጥቂት ነው። የመረመረው ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ከቀለሆቹ አንዳንዱ ናሱ ከዘመን ብዛት ጠቁሮ፣ አፉ በጉጠት ተነክሶ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ወደ ጠመንጃው ገብቶ የወጣ መሆኑን የሚመሰክር ጭረት ታትሞበታል፤ ከላይ የተሰካውም አረር የፋብሪካ ሥራ ሳይሆን በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ እርሳስ ለመሆኑ፣ ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር በግራና በቀኝ ጎኑ ይታያል። ይህ በእጅ የተሞላ ጥይት ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጥይት የጦር ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ የሚያገለግል የሀብት መለኪያም ነበር። ስናድሩ፣ ውጅግራው፣ ወጨፎው፣ አልቤኑና ምንሽሩ፣ እያንዳንዱ ጠመንጃ የየራሱን ጥይት ይፈልግ ስለ ነበረ፣ ጥይቱም ከባሕር ማዶ ተጭኖ፣ በጠረፍ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ በግመልና በበቅሎ ተጓጉዞ ወደ መኻል አገር የሚደርስ ውድ ዕቃ ስለ ነበረ፣ አንድ ጊዜ የተተኮሰ ቀለህ እንደ ተራ ብረት አይጣልም ነበር። ባለሙያው ቀለሁን ከሜዳ ለቅሞ፣ የከሰለውን ባሩድ አጥቦ፣ የተነፋውን ናስ መልሶ አጥብቦ፣ የተለኮሰችውን ካፕሱል በሌላ ተክቶ፣ ከድኝ፣ ከከሰልና ከናይትሬት ጨው የተቀመመውን ያገር ቤት ባሩድ ሰፍሮ፣ በላዩ የፈሰሰ እርሳስ ይሰካበት ነበር። እኔ ይህን ሥራ ከአንጥረኛው፣ ከሸማኔውና ከብራና ፋቂው ጥበብ አሳንሼ አላየውም፤ የውጭ አገር መንግሥታት ጠመንጃ ለመሸጥም ሆነ ለመከልከል በሚመክሩበት ዘመን፣ ስሙ በታሪክ ያልተጻፈ የእጅ ባለሙያ የአገሩን መሣሪያ ዝም እንዳይል ያደረገበት ጥበብ ነውና። በልደታ የሚገኘው ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል የዐድዋውን ዝነኛ መድፈኛ ስም ይዞ ሲጠራ ይኖራል፤ ለዝናሩ ሞይ ግን መታሰቢያ አልቆመለትም።

ነገር ግን ጥበቡን ማክበር አንድ ነገር ነው፣ ጥይቱ ዒላማውን ምን ያህል ያገኛል ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ነው። በፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 ሥራ ላይ የዋለው ውጅግራ ከፋብሪካ በሚወጣው ጥይቱ ውስጥ 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድና 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ነበረው፤ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር ሲሆን አረሩ ከአፈሙዝ የሚወጣበት ፍጥነት በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ይጠጋል። አሁን እነዚህን ቁጥሮች ሚዛን በሌለበት፣ በቀንድ ወይም በቀለህ ቁራጭ እየተሰፈረ በተሞላው ጥይት ላይ እናስባቸው፤ ባሩዱ አንድ ቀን ደረቅ፣ አንድ ቀን እርጥበት የነካው ነው፤ ከሰሉ ከየትኛው እንጨት እንደ ተከሰለ አይታወቅም፤ እርሳሱ አንዳንዴ ንጹሕ፣ አንዳንዴ ከቆርቆሮ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ በማፍሰስ ጊዜም በውስጡ ዓይን የማያየው የአየር ቋጠሮ ይቀራል። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ሲነድ ከግማሽ በላይ የሆነው ክብደቱ ወደ ጢስነትና ወደ ጥላሸትነት እንጂ ወደሚገፋ ጋዝ ስለማይለወጥ፣ ከጥቂት ተኩስ በኋላ አፈሙዙ ውስጥ የሚጋገረው ዝቃጭ ቀጣዩ አረር በሌላ ፍጥነት እንዲወጣ ያደርገዋል። እነሆ፣ ያ ጥይት በቅርብ ርቀት የሚያስፈራ፣ በሩቅ ርቀት ግን ልቡናው የማይታወቅ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ ማለፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። በአንዳንድ ቤት ሣጥን ውስጥ ከአያት የተወረሰ፣ በማን እጅና በምን ባሩድ እንደ ተሞላ የማይታወቅ ጥይት ይገኛል፤ ለጥቁር ባሩድ በተሠራ አሮጌ ቀለህ ውስጥ ጢስ አልባ ባሩድ በዚያው ስፍር ተሞልቶ ከሆነ፣ የሚፈጠረው ግፊት አሮጌውን ጠመንጃ በተኳሹ ፊት ላይ ሊበትነው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥይት ለቅርስነት ካልሆነ በቀር ለተኩስ አይነካም፤ ደግሞም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያና ጥይት መያዝ፣ መሥራትና መጠገን ሁሉ በፈቃድ የሚመራ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ያገኘው ሰው ወደ ፖሊስ ሄዶ ማስመዝገብ ወይም ማስረከብ ይገባዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሐተታ ፈቃድ ባለበት አገር ወይም ቦታ የሚደረገውን የሙያ ሥራ ለማስረዳት እንጂ ማንም በጓዳው ባሩድ እንዲያበጥር ለማደፋፈር አይደለም።

ዛሬ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በደቡብ አፍሪካ ብዙ አዳኞች፣ በስደት የሚኖሩትን ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ ጥይታቸውን በእጃቸው ይሞላሉ። ጥይት አራት ነገሮች አሉት፤ ቀለሁ፣ በቀለሁ ቂጥ ላይ ተሰክታ መርፌው ሲመታት የምትለኩሰው ካፕሱል፣ ባሩዱና አረሩ። የፋብሪካ ጥይት ለሺህ ዓይነት ጠመንጃ እንዲስማማ የተሰፋ ልብስ ነው ቢባል፣ በእጅ የሚሞላው ለአንድ ጠመንጃ የተለካ ነው፤ ሞዩ የባሩዱን ክብደት ከአንድ መቶኛ ግራም በማይበልጥ ልዩነት ይመዝናል፣ አረሩ ወደ ቀለሁ የሚገባበትን ጥልቀት በሚሊሜትር ክፍልፋይ ይወስናል፣ የቀለሁን አንገት አጥብቦ የሚይዝበትን ኃይል ያስተካክላል፣ ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት አሞላል አዘጋጅቶ የትኛው ይሻላል ብሎ ወደ ዒላማ ሜዳ ይወጣል። የጽሑፌ ነገር የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ምክንያቱም ጥይቱን በአንድ መቶኛ ግራም ትክክለኛነት የሞላው ያ ጠንቃቃ ሰው፣ ፍርዱን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ጥይት ነው።

ሦስት ቀዳዳ በወረቀት ላይ ተጠጋግተው ሲታዩ ልብ ይማርካሉ። በሰፈራችን በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ሦስት ምስክር አንድ ቃል ከተናገረ ነገሩ ሊጸና ይችል ይሆናል፤ ምስክር ግን ያየውን የሚናገር ባለ አእምሮ ፍጡር ሲሆን፣ ጥይት ምንም አላየም፤ በአጋጣሚ በወደቀበት ቦታ ላይ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል እንጂ። አንድ ጠመንጃ ከአንድ ዓይነት ጥይት ጋር ምንም ሳይለወጥ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ሦስት ሦስት እየተተኮሰ ብዙ ጊዜ ቢፈተንና፣ የሦስቱ ቀዳዳዎች ስፋት ከዳር እስከ ዳር ሲለካ በአማካይ 24 ሚሊሜትር ቢሆን፣ አንዱ ሙከራ 15 ሚሊሜትር፣ ሌላው 33 ሚሊሜትር መምጣቱ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለበትም፤ ሁለቱም የአንዱ ጠመንጃና የአንዱ ጥይት ልጆች ናቸው። ያው ጠመንጃ ያንኑ ጥይት አሥር ጊዜ ሲተኩስ ደግሞ ስፋቱ ወደ 38 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ጠመንጃው ስለ ከፋ ሳይሆን፣ ተኩሱ በበዛ ቁጥር ራቅ ብሎ የሚወድቅ ጥይት የመገኘቱ ዕድል ስለሚጨምር ነው። እንግዲህ ማክሰኞ አንዱን አሞላል ተኩሶ 33፣ ሐሙስ ሌላውን ተኩሶ 15 ሚሊሜትር ያገኘ ሰው ሁለተኛው አሞላል በእጥፍ ይበልጣል ብሎ ቢደመድም፣ ሁለቱ አሞላሎች ፍጹም እኩል ሆነው ሳለ ሐሰት ላይ መውደቁ ነው። በይበልጥ የሚያሳዝነው ደግሞ ሰዎች ከብዙ ሙከራ መካከል ያቺን ባለ 15 ሚሊሜትሯን ወረቀት ቆርጠው በኪሳቸው ይዘው መዞራቸውና፣ ሌሎቹን ነፋስ ነበር፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ምላጩን ቸኩዬ ሳብሁት እያሉ መጣላቸው ነው። የተጣለው ወረቀት ከተያዘው ይልቅ እውነቱን ያውቅ ነበር።

ይህ ድካም በጥይት ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 በደብሊን ከተማ በጊነስ ቢራ ጠማቂ ድርጅት ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት፣ ከጥቂት ናሙና ብቻ ስለ ገብስና ስለ ቢራ እንዴት ፍርድ መስጠት እንደሚቻል ሲመራመር፣ ናሙናው ባነሰ መጠን መልሱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ በሒሳብ አስረድቶ፣ ስሙን ደብቆ «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም አሳተመው፤ የእርሱ ሒሳብ ዛሬም በሕክምናና በእርሻ ምርምር ሁሉ ይሠራበታል። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1909፣ አሜሪካዊው ሐኪም ፍራንክሊን ማን ለብዙ ዓመታት ጥይት ለምን ከመንገዱ እንደሚወጣ ሲመረምር የኖረበትን ሥራ በመጽሐፍ አወጣ፤ እርሱም አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ቂጡ ላይ ያለ ትንሽ ጉዳትና ክብደቱ ከመኻል ዘንበል ማለቱ ብዙውን መበታተን እንደሚያስከትል አሳየ። ከሁለቱም ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1742 እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በተንጠለጠለ እንጨት ላይ እየተኮሰ፣ እንጨቱ ወደ ኋላ በተወዘወዘበት መጠን የጥይትን ፍጥነት ለመለካት መቻሉ ለዚህ ሁሉ ጥበብ መሠረት ጥሏል። እነዚህ ሰዎች ሊደነቁ የሚገባቸው በጠመንጃ ፍቅር ሳይሆን፣ ልባቸው የወደደውን ከማመን ይልቅ መለካትን ስለ መረጡ ነው።

ታዲያ ሁለት ዓይነት አሞላል እንዴት ይነጻጸር? አንደኛውን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ መንገድ ይስታል፤ አፈሙዙ እየጋለ ይሄዳል፣ ነፋሱ ይለወጣል፣ የተኳሹም ትከሻ ይደክማልና ሁለተኛው የመጀመሪያው ያልከፈለውን ዕዳ ይከፍላል። ስለዚህ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እያፈራረቁ፣ አፈሙዙ እንዲቀዘቅዝ በቂ ጊዜ እየሰጡ መተኮስ ይገባል፤ ቢቻል ደግሞ ጥይቶቹን ሌላ ሰው ምልክት አድርጎ አቀላቅሎ፣ ተኳሹ የትኛውን እንደሚተኩስ ሳያውቅ ቢሰጠው እጅግ ይሻላል፤ ሰው የወደደውን ጥይት ሲተኩስ ትንፋሹን እንኳ በተሻለ ሁኔታ ይይዛልና። ስሌቱን በተመለከተም፣ ከዳር እስከ ዳር ያለውን ስፋት ብቻ መለካት ከአሥር ቀዳዳ ስምንቱን ችላ ብሎ የሁለቱን ዳርኞች ቃል ብቻ መቀበል ነው፤ የሁሉንም ቀዳዳዎች መኻል ፈልጎ እያንዳንዱ ከመኻሉ ምን ያህል እንደ ራቀ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ግን ሁሉም እንዲናገሩ ያደርጋል።

ስንት ጥይት ይበቃል ለሚለው መልሱ ደስ አያሰኝም፤ ቢሆንም ሊነገር ይገባዋል። ከእያንዳንዱ አሞላል ሃያ ሃያ ጥይት ተተኩሶ ሲነጻጸር በእርግጠኝነት ሊለይ የሚችለው አንዱ ከሌላው በአንድ ሦስተኛ ያህል የሚበልጥ ከሆነ ብቻ ነው፤ የአሥር በመቶ ልዩነት ለመለየት ደግሞ ከእያንዳንዱ ወደ 200 የሚጠጋ ጥይት ያስፈልጋል፤ ይህም ለብዙ ሰው ከአንድ የአደን ወቅት ፍጆታ እጅግ የሚበልጥ ነው። እንግዲህ ስለ ሩብ ሚሊሜትርና ስለ አንድ ፍሬ ባሩድ የሚደረገው ክርክር አብዛኛው፣ ማንም ያላየውን ነገር አይቻለሁ ብሎ መከራከር ነው።

ይህን ስል ግን የአሞላል ጥንቃቄ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ ልዩነት ትልቅ ነው። በሰከንድ 800 ሜትር የሚበር አረር ከባሩድ መዛባት የተነሣ በፍጥነቱ ላይ የ15 ሜትር ልዩነት ቢኖረው፣ በ200 ሜትር ርቀት ላይ የሚያመጣው የከፍታ ልዩነት አንድ ሳንቲሜትር ከጥቂት ሲሆን፣ በ400 ሜትር ግን ከ5 ሳንቲሜትር ይበልጣል፤ ባሩድ መመዘን ዋጋው የሚታየው እዚያ ርቀት ላይ ነው። ከሁሉም ይልቅ ግን የአረሩ ዓይነትና በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ መስማማት አለመስማማታቸው ውጤቱን ይለውጠዋል። አረር በሚበርበት ጊዜ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ በፍጥነት መሽከርከር ይኖርበታል፤ አረሩ በረዘመ መጠን ደግሞ ጠመዝማዛው ቶሎ ቶሎ የሚዞር መሆን አለበት። መዳብ ከእርሳስ ይልቅ ቀላል ነው፤ በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ወደ 9 ግራም ሲመዝን እርሳስ ከ11 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ከእርሳሱ እኩል እንዲመዝን ከተፈለገ ይረዝማል፣ በረዘመ ጊዜም ቀስ ብሎ በሚዞር አሮጌ አፈሙዝ ውስጥ ሲተኮስ ሊገለባበጥና ወረቀቱን በጎኑ ሊመታ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ለማየት ሃያ ጥይት አያስፈልግም፤ አምስት ይበቃል።

ስለ መዳብና ስለ እርሳስ ካነሣን፣ ከትክክለኛነት ወዲያ የሆነ አንድ ቁም ነገር አለ። እርሳስ አጥንት ሲመታ ወደ ጥቃቅን ስብርባሪ ይበታተናል፤ በየተራራው የቀረውን የአደን ሬሳና የሆድ ዕቃ የሚበሉ ጥንብ አንሳዎች ያን ስብርባሪ ውጠው ይመረዛሉ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ይህን አስቦ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2019 ጀምሮ በአደን ላይ የእርሳስ ጥይት ፈጽሞ ከልክሏል። በባሌና በሰሜን ተራሮች አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረውን ታላቅ ወፍ ላየ ሰው ይህ ክልከላ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም፤ በእኔ አሳብ ሁለት አሞላሎች በዒላማ ላይ ተቀራራቢ ሆነው ከተገኙ፣ ምርጫው ወደ መዳቡ መዘንበል ይገባዋል።

አሁን ጥይቱን ይዘን ወደ አገራችን እንውጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ በልደታ የምንተነፍሰው አየር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ሳስቶ ይገኛል፤ የደጋ አጋዘን በሚኖርበት በባሌና በአርሲ ከፍታ፣ ከ3,000 እስከ 4,000 ሜትር ባለው ቦታ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። የሳሳ አየር ጥይቱን ያን ያህል አይጎትተውም፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ ማነጣጠሪያው የተስተካከለ ጠመንጃ በባሌ ተራራ ላይ በሩቅ ሲተኮስ ከታሰበው ከፍ ብሎ ይመታል። ሙቀትም የራሱን ድርሻ ያመጣል፤ ባሩድ ሲሞቅ ቶሎ ይነድዳል፣ ግፊቱም ይጨምራል፤ በብርድ አገር እስከ መጨረሻው ወሰን የተሞላ ጥይት በአፋር ቆላ የቀትር ፀሓይ ላይ ከወሰኑ ሊያልፍ፣ ቀለሁም በጠመንጃው ውስጥ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፤ ያው ጥይት በባሌ ውርጭ ጧት ደግሞ ደከም ብሎ ይወጣል። አውሮፓ ውስጥ በአንድ የጸደይ ቀን የተደረገ ንጽጽር እዚህ እንደ ሥልጣን ያለው ቃል ሊጠቀስ የማይችለው ስለዚህ ነው።

የደጋ አጋዘን ስል አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ፣ ወንዱ ጠምዛዛ ቀንድ ያለውና ክብደቱ እስከ 300 ኪሎ ግራም የሚደርስ፣ መልኩ በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸ እንስሳ ነው። የሳይንስ ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ከመመናመኑ የተነሣ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተመዝግቧል። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳት አደን በፈቃድና በተከለሉ የአደን ቦታዎች ብቻ እንዲሆን የተደነገገ ሲሆን፣ የውጭ አገር አዳኝ ለአንዱ አሮጌ ወንድ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ይመጣል። በዚህ እንስሳ ላይ የሚተኮሰው ጥይት ሊያገኘው የሚገባው የልብና የሳንባ ቦታ ከጎን ሲታይ ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በ100 ሜትር በአሥር ጥይት 4 ሳንቲሜትር የሚይዝ ጠመንጃ በ200 ሜትር 8 ሳንቲሜትር ይይዛል፤ ይህም ከዚያ 20 ሳንቲሜትር ውስጥ በሰፊው ይገባል። 3 ሳንቲሜትር የሚይዝ ሌላ አሞላል ቢገኝ በ200 ሜትር የሚያተርፈው 2 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ በ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ አስታ በተባለው ቁጥቋጦ መካከል ሽቅብ ወጥቶ፣ ልቡ እየመታ በጉልበቱ ተንበርክኮ የሚተኩስ ሰው እጅ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይዋዥቃል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ለአዳኝ ከሁለት መልካም አሞላል የትኛው በጥቂት ሚሊሜትር ይሻላል የሚለው ጥያቄ በሦስት ጥይት የማይመለስ፣ በ200 ጥይት ቢመለስም እንስሳውን የማይጠቅም ጥያቄ ነው፤ የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ጥይት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይከሽፍ፣ ሳይጣበቅና ሳይገለባበጥ፣ በሚታደንበት ከፍታና ብርድ ላይ ከሃያ ጥይት ሃያውን በዚያ ባለ 20 ሳንቲሜትር ክበብ ውስጥ ያኖራልን? የሚለው ነው። ከሃያ አንዱ ከክበቡ የወጣ ከሆነ፣ ያ አንዱ በጫካ ውስጥ ቆስሎ የሚንከራተት፣ ማንም ሳያገኘው ለሳምንታት የሚማቅቅ እንስሳ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ጥይት የቀሩት ዐሥራ ዘጠኙ ውብ ቀዳዳዎች ይቅርታ ሊያሰጡት አይችሉም።

የአደን አስጎብኚዎቻችንን፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሠራተኞችንና በየአካባቢው የሚመደቡትን ስካውቶች አንድ ነገር እለምናለሁ። እንግዳው አዳኝ ከአገሩ ይዞት የመጣውን የዒላማ ወረቀት፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በአክብሮት ተቀብላችሁ ወደ ጎን አኑሩት፤ ወደ ተራራው ከመውጣቱ በፊት በሰፈራችሁበት ከፍታ ላይ፣ በማለዳ ብርድ፣ ከቀዘቀዘ አፈሙዝ እየጀመረ ቢያንስ አሥር ጥይት በ200 ሜትር ይተኩስ፤ ከአሥሩም አንዱን ሳትቀንሱ ጻፉት። አንድ የአውሮፕላን መንገደኛ ከጓዙ ጋር እንዲይዝ የሚፈቀድለት ጥይት 5 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም በሠላሳ-ዜሮ-ስድስት ጠመንጃ ቢሰላ ከ150 የማያንስ ጥይት ስለሚሆን፣ አሥሩን ለወረቀት የማያወጣበት ምክንያት የለም።